በልጄ ሰገራ የተገኘው ትል ከኮርኒሱ አይጦች የመጣ ይሆን? (ደሴ)

የቧንቧ ውሃዋ እናት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡10

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። የ7 ዓመት ሴት ልጄን እምብርቷ ዙሪያ ማመም ከጀመራት ሁለት ወር አልፏል፤ ምግብ ትተዋለች፣ ሌሊት ስትገላበጥ ታድራለች፣ ቀን ደግሞ ያለ ምክንያት ትነጫነጫለች። መጀመሪያ የወሰድኳት ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ነበር። እዚያ ያለ ምንም ምርመራ «ወስፋት ነው» ተብሎ አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ተሰጣት፤ ጥቂት ቀን የተሻላት መስሎኝ ነበር፣ ሕመሙ ግን ተመለሰ። ባለፈው ሐሙስ ጤና ጣቢያ ወስጃት ሰገራዋ ሲታይ በውጤት ወረቀቷ ላይ «ኤች. ናና» ተብሎ ተጻፈ። ወረፋው ብዙ ስለነበር ባለሙያው የነገረኝ «በሰውም በአይጥም ሆድ የሚኖር ትንሽ የኮሶ ትል ነው» የሚለውን ብቻ ነው፤ መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪም ዘንድ የተቀጠርነው ለነገ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ቤታችን የድሮ የጭቃ ቤት ነው፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ ስለሆነ ሌሊት አይጦቹ ሲሯሯጡ የእግራቸው እርምጃ ከታች ይታያል። በአንድ በኩል ግድግዳ የምንጋራው ከእህል መጋዘን ጋር ነው። ልጆቼ በሶ ይወዳሉ፤ የበሶውን ዱቄት የማኖረው ጓዳ ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት ነው፣ ባለፈው ሳምንትም ከረጢቱ ጥጉ ላይ ተበልቶ አገኘሁት። ይህ ትል የመጣው ከአይጦቹ ነው? ሌሎቹ ሁለት ልጆቼስ ይዟቸው ይሆን? እኔስ እንደ እናት የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት? የምታውቁ ወንድሞቼና እህቶቼ ረጋ ብላችሁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ላቦራቶሪ ከኮምቦልቻ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልብዎ ይረፍ። ይህ ትል በደንብ የሚታከም ነው፤ እርስዎም ያጠፉት ነገር የለም። ሥራዬ ሰገራ መመርመር ስለሆነና በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ግራ ሲጋባ ስለማይ ረዘም አድርጌ ልጽፍ።

«ኤች. ናና» ብለን አሳጥረን የምንጽፈው ሃይመኖሌፒስ ናና የሚባለውን ትል ነው። ከጥሬ ሥጋ የሚመጣው የምናውቀው ኮሶ ብዙ ሜትር ሲረዝም፣ ይህኛው ርዝመቱ ከ15 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ትልቁ ኮሶ ቁራጩ እየተላወሰ ስለሚወጣ ባለቤቱ በዓይኑ ያየዋል፤ የናና ቁራጮች ግን አንጀት ውስጥ እንዳሉ ፈርሰው የሚወጣው እንቁላሉ ስለሆነ፣ ያለ ማይክሮስኮፕ የሚደርስበት ሰው የለም። በሰው ላይ ከሚገኙ የኮሶ ትሎች ሁሉ በዓለም ላይ በብዛት የሚታየው ይኸው ነው፤ የሚበረታውም በልጆች ላይ ነው። ጥቂት ከሆነ ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ሲበዛ ግን የሆድ ሕመም፣ ተቅማጥ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ራስ ምታትና እርስዎ የገለጹትን ዓይነት መነጫነጭና እንቅልፍ ማጣት ያመጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። አይጥ ከሰው ጋር የምትጋራቸው ሁለት የቅርብ ዘመዳሞች የሆኑ የኮሶ ትሎች አሉ። አንዱ ናና ነው፤ ሁለተኛው ሃይመኖሌፒስ ዲሚኑታ ይባላል፣ ትክክለኛው የአይጥ ኮሶም እሱ ነው። ስማቸው ቢቀራረብም ወደ ሰው የሚመጡበት መንገድ የተለያየ ነው፤ እኔ በብርቱ ላስጨብጥ የምፈልገውም ይህን ነው።

ዲሚኑታ ከአይጥ ወደ ሰው በቀጥታ ሊተላለፍ አይችልም። የአይጧ ኩስ እህል ወይም ዱቄት ላይ ይወድቃል፤ ኩሱን ነቀዝ ይበላዋል፤ እንቁላሉ በነቀዙ ሆድ ውስጥ ተፈልፍሎ እጭ ይሆናል፤ ሰው ያንን ነቀዝ ከነእጩ ሳያውቅ ሲውጠው ያኔ ብቻ ይያዛል። ቁንጫም እንደ ነቀዙ ሊያስተላልፍ ይችላል። ስለዚህ የሰገራ ውጤት ላይ «ዲሚኑታ» የሚል ከተጻፈ፣ አይጥና ነቀዝ የገቡበት ምግብ ሳይበስል ተበልቷል ማለት ነው።

ናና ግን በነቀዝ በኩል መምጣት ቢችልም ነቀዝ የግድ አያስፈልገውም። እንቁላሉ ከሰገራ ጋር እንደወጣ ያኔውኑ ለማስያዝ የበቃ ነው። ልጅ ከሽንት ቤት መጥታ እጇን ሳትታጠብ የእህቷን እንጀራ ብትቆርስላት መንገዱ ይኸው ነው። አንዳንዱ እንቁላል እንዲያውም ጨርሶ ሳይወጣ እዚያው አንጀት ውስጥ ይፈለፈልና አዲስ ትል ይሆናል፤ አንዱ ትል ዕድሜው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሆኖ ሳለ ሰውየው ለዓመታት ሲታመም የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ የእርስዎ ልጅ ውጤት ናና ከሆነ፣ ከኮርኒሱ በፊት የምጠረጥረው የቤትና የትምህርት ቤት ሽንት ቤትን፣ ጥፍርንና እጅ መታጠቢያን ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ፣ አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ለወስፋት ጥሩ ቢሆንም ናናን በአስተማማኝ ሁኔታ አያጠፋም፤ ልጅዎ ያልዳነችው ለዚህ ነው። የሚመረጠው ፕራዚኳንቴል ነው፤ መጠኑም በኪሎ 25 ሚሊ ግራም፣ በአንድ ጊዜ የሚወሰድ ነው። 20 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ 500 ሚሊ ግራም ማለት ስለሆነ፣ ሐኪሙ ሳይመዝናት ከመድኃኒት ቤት አይግዙላት። ሌሎቹን ሁለቱን ልጆችም፣ እርስዎንና አባታቸውንም ጨምሮ ሁላችሁም ተመርመሩ። አንዷ ብቻ ታክማ ሌሎቹ ቢቀሩ በወሩ ትመለሳለች።

የሰኞ ገበያ እህል ነጋዴ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ደሴ ሰኞ ገበያ እህል የምሸጥ ሰው ነኝ። የእህታችን ጎረቤት አይደለሁም፤ ነገር ግን መጋዘኔ ከሰው ቤት ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ የጻፈችው ነገር ውስጤን ነክቶታል። እስከ ዛሬ አይጥን የምቆጥረው በበላችው እህል ነበር። በልታ የጣለችው ነገር ከእኔ ጆንያ ተነሥቶ የሰው ልጅ ሆድ ይገባል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ነቀዝ ያለበት እህል ወፍጮ ቤት ሲገባ አብሮ ይፈጫል፤ ታዲያ ከተፈጨ በኋላ ትሉ ምን ይሆናል? ሁለተኛ፣ ባለፈው ወር ድመቴ አንድ አይጠ መጎጥ ገድላ ሆዱን ስትዘረግፈው ጉበቱ ላይ አተር የሚያህል ነጭ፣ ውሃ የቋጠረ ነገር አይቻለሁ። ድመቷ እሱንም በላችው። ይህ ድመቴን ወይም ቤተሰቤን የሚጎዳ ነው?

ላቦራቶሪ ከኮምቦልቻ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

ወንድማችን፣ አላህ ይስጥዎ፤ የሚያስመሰግን ጥያቄ ነው። ወፍጮ አብዛኛውን ነቀዝ ያደቅቀዋል፤ ከዚያ በኋላ እንጀራም ዳቦም ሆኖ ምጣድና መጥበሻ ላይ ሲወጣ የተረፈ እጭ ቢኖር እንኳ በእሳቱ ይሞታል። ሽሮም በደንብ ይንተከተካል። እኔ የምፈራው ከወፍጮ በኋላ ያለውን ነቀዝ ነው። የዱቄት ነቀዝ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር የምትሆን ቡናማ ነገር ናት፤ ዱቄቱ ውስጥ ትራባለች፣ ከረጢቱን የቀደደችው አይጥ ኩሷን እዚያው ጥላላታለች። በሶና ጩኮ ደግሞ ገብሱ ከመፈጨቱ በፊት ይቆላል እንጂ ከተፈጨ በኋላ እሳት አያየውም። በጥብጠን ወይም አሽተን እንደዚያው ነው የምንበላው። ከወሎ ምግቦች ሁሉ ለዲሚኑታ በር የሚከፍተው የቱ ነው ብባል የምጠቁመው በከፊል የተበላ ከረጢት ውስጥ የከረመ የበሶ ዱቄት ነው። በሶን መተው አያስፈልግም፤ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ባልዲ ወይም በቆርቆሮ ዕቃ ማኖር፣ ከመብላት በፊት በወንፊት መንፋት፣ ከረም ያለ ከሆነም ምጣድ ላይ መልሶ ማመስ ይበቃል።

የጉበቱን ነገር ለእንስሳት ሐኪም እተወዋለሁ።

የእንስሳት ሐኪም፣ ወልዲያ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ስለ አይጥ ጉበት የተጠየቀውን ልመልስ። አተር የሚያህለው ነጭ ከረጢት የድመት ኮሶ እጭ ነው። አይጧ እንቁላሉን ከድመት ዓይነ ምድር ታገኛለች፣ እጩ በጉበቷ ይቀመጣል፣ ድመት አይጧን ስትበላ ትሉ በድመቷ አንጀት አድጎ ዑደቱ ይሞላል። ለሰው የሚያሰጋ አይደለም ማለት ይቻላል። ድመቷን ግን ትል ማስወገጃ በየጊዜው ያስወግዷት፤ ምክንያቱም ድመቶች የራሳቸው ወስፋት አላቸው፣ የእሱም እንቁላል አፈር ላይ ከርሞ ልጆች አፋቸው ውስጥ ከገባ እጩ በሰውነታቸው እየተንከራተተ ጉበትንና አልፎ አልፎም ዓይንን ይጎዳል።

ነገር ግን በአይጥ ጉበት ላይ ሌላም ነገር ሊታይ ይችላል፤ ከረጢት ሳይሆን ወደ ቢጫነት የሚያደላ ነጭ ጭረትና ነጠብጣብ። እሱ የጉበት ካፒላሪያ የምንለው ቀጭን ትል የጣለው እንቁላል ነው። ይህን ትል ሰው ሊያውቀው የሚገባው ጠባዩ ልዩ ስለሆነ ነው። እንቁላሎቹ ከአይጧ ሰገራ ጋር አይወጡም፤ ጉበቷ ውስጥ እንደተቀበሩ ይቆያሉ። የሚለቀቁት አይጧ ሞታ ስትበሰብስ ወይም ድመትና ውሻ በልተዋት እንቁላሎቹን ከሰገራቸው ጋር ሲጥሏቸው ብቻ ነው። ከዚያም እርጥበትና አየር ባለበት አፈር ላይ አንድ ወር ያህል ከቆዩ በኋላ ለማስያዝ ይደርሳሉ። ሰው የሚያዘው ይህን አፈር ከቆሸሸ እጅ ወይም ካልታጠበ ምግብ ጋር ሲውጥ ነው፤ በሰው ላይ የሚገጥመው እጅግ አልፎ አልፎ ቢሆንም ሲገጥም በተለይ በሕፃናት ላይ ከባድ የጉበት ሕመም ነው።

ይህን ያነሣሁት ላስፈራራችሁ አይደለም። በየከተሞቻችን የማየው አንድ ልማድ ስለሚያሳዝነኝ ነው። አይጥ በወጥመድ ወይም በመርዝ ትገደልና በጅራቷ ተይዛ ቦይ ውስጥ ወይም መንገድ ዳር ትወረወራለች። ውሻ ይጎትታታል፣ መኪና ያልፍባታል፣ ልጆች በእንጨት ይነካኳታል። እንግዲህ በሕይወት ሳለች አንድም እንቁላል ያልጣለችው አይጥ ጉበቷ የሚዘረገፈው እኛ ከገደልናት በኋላ ነው። የሞተች አይጥ በፌስታል በተሸፈነ እጅ ተነሥታ ትቃጠል፣ ካልሆነም ውሻ ቆፍሮ እንዳያወጣት ክንድ ያህል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ትቀበር። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው።

አያት ከቦሩ ሜዳ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡50

ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ብዙ ተማርኩ። እኛ ግን ልጅ ሆነን ሆዳችንን ሲያመን መተሬ ተወቅጦ፣ አለዚያም እንቆቆ ተበጥብጦ ይሰጠን ነበር፤ ትልልቆቹ ደግሞ ኮሶውን ይጠጡ ነበር። አንድ ጠዋት ይጠጣል፣ ያሽራል። ይህች ልጅ መተሬ ቢሰጣት ምን ይላታል? ፕራዚኳንቴል የምትሉት ለሕፃን አይከብድም?

ላቦራቶሪ ከኮምቦልቻ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። መተሬ፣ እንቆቆና ኮሶ አባቶቻችን በደንብ ያወቋቸው መድኃኒቶች ናቸው፤ ለትልቁ ኮሶ እንደሚሠሩም ዘመናዊ ምርምር ያያቸው ናቸው። ነገር ግን ሁለት ችግር አለ። የኮሶ አበባ መጠኑ ካለፈ ይመርዛል፤ ዓይን እስከማጥፋት የደረሰበት ጊዜ በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል፣ በዚህ ላይ ደግሞ ታካሚዋ የ7 ዓመት ሕፃን ናት። ሁለተኛው፣ ናና እንደ ትልቁ ኮሶ አንድ ሆኖ አንጀት ላይ ተንጠልጥሎ አይኖርም፤ በመቶዎች ሊሆን ይችላል፣ እጩም በአንጀት ግድግዳ ሽፋን ውስጥ ለ5 ወይም 6 ቀን ተደብቆ ያድጋል። ጠርጎ የሚያስወጣ መድኃኒት ያንን የተደበቀውን አያገኘውም። ፕራዚኳንቴል መራራ ነው፣ ትንሽ ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን በኪሎ ተሰልቶ ሲሰጥ ለልጅ የሚከብድ አይደለም።

መምህር ከኩታበር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡15

ውይይቱን በአክብሮት ተከታተልሁት፤ አንድ ነገር ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባል እላለሁ። «ናና በሰውም በአይጥም ሆድ ይኖራል» መባሉ የአይጡ ናና ሰውን ይይዛል ማለት ነው? በአውስትራሊያ የተደረጉ ጥናቶች ከሰው የተገኘው ናና አይጦችን በቀላሉ እንደማይዝ፣ በዘር ምልክቱም ከአይጡ እንደሚለይ ጠቁመዋል ሲባል አንብቤያለሁ። አባቶች «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላሉ፤ እዚህ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ሰው ለሰው ባስተላለፈው አይጥ ብቻ እንዳትወቀስ እሰጋለሁ። የምሰጋው ለአይጥ አዝኜ አይደለም። ሰው ችግሩን በአይጥ ላይ ጥሎ መርዝ ሲገዛ የትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት ያለ ውሃ እንደሚቀር ስለማውቅ ነው። በማስተምርበት ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል ያሉ ልጆች በአንድ ኮዳ ውሃ ይቀባበላሉ፣ ከሽንት ቤት መልስ እጅ የሚታጠቡበት ጠብታ የሚያጡበት ወርም አለ።

በተጨማሪም «ይህ ትል ካንሰር ያመጣል» የሚል ነገር ሲናፈስ ሰምቻለሁ። እውነት ከሆነ ይነገረን፤ ካልሆነም እናቶች እንዳይሸበሩ ይታረም።

ላቦራቶሪ ከኮምቦልቻ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

መምህር፣ ልክ ብለዋል፤ እኔም ከላይ ናና ሲሆን መጀመሪያ የሰውን እጅ እጠረጥራለሁ ያልሁት ለዚሁ ነው። የአይጡና የሰው ናና ምን ያህል እንደሚለያዩ ተመራማሪዎች ዛሬም የሚከራከሩበት ነገር ነው። በተግባር ግን ከክርክሩ የሚወጣው ትርጉም አንድ ነው፦ ናና ከተገኘ ከመርዝ በፊት ሳሙና፣ ዲሚኑታ ከተገኘ ደግሞ የዱቄቱን ዕቃ። ስለዚህ እኛ የላቦራቶሪ ሠራተኞችም ኃላፊነት አለብን። የናና እንቁላል ከ30 እስከ 50 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው) የሚሆን፣ ቀለም የሌለው፣ ከውስጥ ሽፋኑ ጫፎች ቀጫጭን ክሮች የሚወጡለት ነው። የዲሚኑታ እንቁላል ከ70 እስከ 85 ማይክሮን የሚደርስ፣ ወደ ቡናማ ቢጫነት የሚያደላና ክር የሌለው ነው። ሁለቱን ለመለየት ዓይን ማሳረፍ እንጂ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም። በወረፋ ብዛት «ሃይመኖሌፒስ» ብቻ ብሎ መጻፍ፣ ወይም ሁሉንም ናና ብሎ ማለፍ፣ እናትየዋ የቱን በር መዝጋት እንዳለባት እንዳታውቅ ያደርጋታል። ወረቀቱ ላይ ሙሉ ስሙ ካልተጻፈ «የትኛው ነው?» ብላችሁ የመጠየቅ መብት አላችሁ።

የካንሰሩ ወሬ መነሻ አለው። በኮሎምቢያ አንድ ኤችአይቪ በደሙ ያለበትና መድኃኒቱን በአግባቡ ያልወሰደ የ41 ዓመት ሰው በሰውነቱ የተገኙት እብጠቶች የራሱ ሳይሆኑ ከናና ትል ሕዋሳት የተነሡ ሆነው ተገኙ፤ ይህም በ2015 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ታተመ። ሰውየው የሰውነቱ የመከላከል አቅም ፈጽሞ ተዳክሞ ነበር። ጤናማ ልጅ ያላት እናት በዚህ ልትሸበር አይገባም፤ ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ግን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ሰገራውንም በየጊዜው ቢያስመረምር መልካም ነው።

ከሐርቡ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡20

እኛ ዘንድ ቆላው ላይ ቢልሃርዚያ ስላለ ፕራዚኳንቴል ለልጆቻችን በትምህርት ቤት ይሰጣል። ያ ለናናም ይሆናል? ሌላው፣ በስልክ በሚዘዋወር ቪዲዮ «የአይጥ የሳንባ ትል ሰላጣ ላይ ባለ ቀንድ አውጣ አማካይነት አንጎል ይገባል» የሚል አይቼ፣ ከቦርከና ዳር የሚመጣ ሰላጣ መብላት ትቻለሁ። ተሳስቻለሁ?

የእንስሳት ሐኪም፣ ወልዲያ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

ለቢልሃርዚያ የሚሰጠው በኪሎ 40 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ያን የወሰደ ልጅ ለናናም የሚበቃውን ወስዷል። አልቤንዳዞል ብቻ በሚታደልበት በደጋው ግን ናና በአስተማማኝ ሁኔታ አይጠፋም፤ ለወይና ደጋና ለደጋ ወላጆች ሊነገር የሚገባው ይህ ነው።

የሳንባው ትል እውነት ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. በቻይና ካንቶን በአይጦች ሳንባ ተገኘ፣ በ1945 ደግሞ በታይዋን በሰው ላይ ታየ። አይጧ እጩን ከሰገራዋ ጋር ትጥላለች፣ ቀንድ አውጣ ይወስደዋል፣ ሰው ቀንድ አውጣውን ጥሬውን ወይም አትክልት ላይ ሳያየው ሲበላ እጩ ወደ አንጎል ሽፋን ያመራና ማጅራት ገትር የመሰለ ሕመም ያመጣል። በብዛት የሚታወቀው እንደ ታይላንድና ሃዋይ ባሉ ቀንድ አውጣ በሚበላባቸው ወይም ሞቃትና እርጥብ በሆኑ ስፍራዎች ነው። የእርስዎን ሰላጣ በተመለከተ፣ በቦርከና ውሃ የለማ አትክልት ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽ ስለሚነካው፣ ከሳንባው ትል ይልቅ ለወስፋት፣ ለአሜባና ለናና ሲባል ቅጠል በቅጠል ተገንጥሎ በንጹሕ ወራጅ ውሃ መታጠብ አለበት፤ ቢበስል ደግሞ የተሻለ ነው። አትተዉት፣ እጠቡት።

በረሮን ደግሞ የሚያነሣው ስለሌለ ላክል። በአይጥ አንጀት የሚኖር፣ ራሱ በእሾህ የተሞላ ሌላ ትል በበረሮ በኩል ያልፋል። በ1888 እ.ኤ.አ. ካላንድሩቺዮ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ሰውን ይይዝ እንደሆን ለማወቅ እጮቹን ራሱ ውጦ ሲታመም አይቶታል። ሕፃናት መሬት የወደቀ ነገር አንሥተው አፋቸው ስለሚከቱ፣ በረሮና አይጥ አብረው ባሉበት ጓዳ ትንንሾቹ ብቻቸውን እንዲውሉ አትተዋቸው።

የሰኞ ገበያ እህል ነጋዴ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡00

የሰማሁትን ይዤ ትናንት መጋዘኔን ከላይ እስከ ታች ፈተሽሁት። ጆንያዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ወለል ላይ ነበሩ፤ ከኋላቸው የአይጥ ኩስ በመዳፍ የሚታፈስ ነበር። አሁን በሳንቃ ላይ አንሥቼ ከግድግዳው ክንድ ያህል አራቅኋቸው፤ ዙሪያውን መዞርና ማየት ስለምችል አዲስ ኩስ ካለ በዕለቱ አውቃለሁ። ቀዳዳዎቹን በሲሚንቶና በብረት ሽቦ አስደፈንሁ፤ አውራ ጣት የምታሳልፍ ቀዳዳ ለአይጠ መጎጥ እንደምትበቃ ነግረውኛል። በየስፍራው የፈሰሰውን እህል ማታ ማታ ሳልጠርግ አልዘጋም።

መርዙን ግን ልተወው ነው። ለአይጥ የሚሸጠው ጥቁር ዱቄትም፣ ለነቀዝ ጆንያ መሐል የምንጥለው ክኒንም ሰው ይገድላል። ግድግዳዬን የሚጋራው ቤት ውስጥ ሕፃናት ይተኛሉ፤ የክኒኑ ጋዝ በስንጥቅ ያልፋል።

ላቦራቶሪ ከኮምቦልቻ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡10

አላህ ይባርክዎ። ሁለቱም የሚለቁት ፎስፊን የሚባል ጋዝ ነው፤ ማርከሻ የለውም። ሰው በሚያድርበት ቤት አጠገብ ክኒን ጨርሶ መጠቀም አይገባም። ለነቀዙ ባለ ሦስት ሽፋን አየር የማያስገባው ከረጢት አለ፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። አይጥ ግን ስለምትቀደው ሳንቃውና ወጥመዱ አይቀርም። የአይጥ ኩስ ሲጠርጉ ደረቁን በመጥረጊያ አያቡኑት፤ በረኪና በተቀላቀለ ውሃ አርሰው፣ አፍንጫዎን ሸፍነው ይጥረጉት።

የቧንቧ ውሃዋ እናት
እሑድ፣ ከቀኑ 9፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ሐኪሙ ልጄን መዝኖ ፕራዚኳንቴል ሰጣት፤ ማታ ትንሽ አቅለሸለሻት እንጂ ሌላ ነገር አልገጠማትም፣ ሐሙስ ምሳዋን ጨርሳ በላች። ሁላችንም ተመረመርን። እኔና ባለቤቴ ነጻ ነን። የ9 ዓመቱ ልጄ እንደ እህቱ ናና ተገኘበት፤ ሁለቱ በአንድ አልጋ ነው የሚተኙት። የ3 ዓመቱ ትንሹ ልጄ ወረቀት ላይ ግን የተጻፈው ሌላ ነበር። እናንተ እንዳላችሁት «የትኛው ነው?» ብዬ ስጠይቅ ባለሙያው ተመልሶ ገብቶ አየና «ዲሚኑታ ነው፣ የአይጥ ኮሶ» አለኝ። ሁለቱ መንገዶች በአንድ ቤት ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

ትንሹ ጓዳ ገብቶ የበሶውን ከረጢት በጣቱ እየዛቀ ደረቁን ሲቅም ስንቴ ይዤዋለሁ መሰላችሁ። ዱቄቱን ነፋሁት፤ ወንፊቱ ላይ የቀረውን ነቀዝ ሳይ አለቀስሁ። ሁለት ነገር ብቻ ልጠይቅ፦ ለ3 ዓመት ልጅ ይኸው መድኃኒት ይሰጣል? የተረፈውን ዱቄትስ ልጣለው?

ላቦራቶሪ ከኮምቦልቻ
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡15

እህቴ፣ አያልቅሱ፤ ሦስቱም ይድናሉ። ለትንሹም መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ነው፣ ነገር ግን ከ4 ዓመት በታች ስለሆነ መጠኑንና አሰጣጡን ሐኪሙ ራሱ መወሰን አለበት፤ ፍሬውን ቤት ውስጥ ሰብረው እንዳይሰጡት። ዲሚኑታ ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍና አንጀት ውስጥ ስለማይራባ የእሱ ከሁለቱ ይልቅ ቀላል ነው። የትልልቆቹን ሰገራ ከ2 ሳምንት በኋላ፣ እንደገናም ከወር በኋላ ያስመርምሩ፤ እንቁላል ከታየ መድኃኒቱ ይደገማል። የናና እንቁላል ከሰውነት ውጭ ከ10 ቀን በላይ አይቆይም፤ አንሶላቸውን በሙቅ ውሃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡት፣ ጥፍራቸውን ይቁረጡ፣ ለጊዜውም ለየብቻ ይተኙ።

አይጥ የገባበትን የበሶ ዱቄት ይጣሉት፤ ኩስና ሽንቷን ወንፊት አይለየውም። ለዶሮም አይስጡት፣ ይቅበሩት። አዲሱን ገብስ ሲያስቆሉ ክዳኑ የሚጠብቅ ባልዲ አስቀድመው ይግዙ።

የቧንቧ ውሃዋ እናት
እሑድ፣ ከምሽቱ 1፡40

ባልዲውን ዛሬ ገዝቻለሁ። ትንሹን ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ።